አርባ ምንጭ በሳምንት አረንጓዴ የሚሆነው የኩሬ ውኃ ዳንግላ ላይ ለምን እምቢ አለኝ?

የዳንግላው (ኅዳር 8)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አራት ዓመት አርባ ምንጭ አካባቢ አንድ የግል ዓሣ እርባታ ውስጥ ሠርቻለሁ። በጉልበት ሠራተኝነት ገብቼ ኩሬ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው የወጣሁት። እዚያ የተማርኩት ሙያ ቀላል ነበር፦ ኩሬውን ሙላ፣ የዶሮ ኩስ በጆንያ ቋጥረህ ጥግ ላይ ንከር፣ ሳምንት ጠብቅ። በስምንተኛው ቀን ውኃው የጎመን ቅቅል ውኃ መስሎ ታገኘዋለህ። እጅህን እስከ ክርንህ ስታስገባ ጣቶችህ አይታዩም። ያኔ የቆሮሶውን (የቲላፒያ ዓሣውን) ጫጩት ትለቃለህ። መኖ ገዝተን የምናበላው ከሚበላው ግማሹን ቢሆን ነው፣ ሌላውን ውኃው ራሱ ይቀልበው ነበር።

አምና አገሬ ገባሁ። ከአባቴ ማሳ ጠርዝ 10 በ20 ሜትር ኩሬ ቆፈርኩ፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር። ፕላስቲክ አላነጠፍኩም፤ አፈራችን ቀይ ሸክላ ስለሆነ ውኃ ይይዛል። ግንቦት ላይ ሞላሁት፣ በሳምንት 10 ኪሎ የዶሮ ኩስ እየነከርኩ ቆየሁና ሰኔ ላይ 500 ጫጩት ለቀቅኩ።

ክረምቱን ሙሉ ውኃው ጉሽ ጠላ መሰለ። እጄን ሳስገባ ገና ከአንጓዬ ሳያልፍ ይጠፋል፣ አረንጓዴ ግን አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ይሻላል ብዬ ጠበቅኩ። ጥቅምት ላይ ጭራሽ ጠራ! ታች ያለውን የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል እቆጥራለሁ። ኩሱ አልቀረበትም፣ በየሳምንቱ እየገባለት ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ሰሞኑን ማታ በባትሪ ሳይ ውኃው ውስጥ ትንንሽ ነፍሳት እየዘለሉ አየሁ። ከጤፍ ተለቅ፣ ከሰሊጥ አነስ ያሉ፣ መልካቸው ነጣ ብሎ የሚያሳልፍ። እንደ ቁንጫ ፈንጠር ፈንጠር ይላሉ። አርባ ምንጭ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ አላየሁም። ጫጩቶቼ በአምስት ወር የጣት ርዝመት አላለፉም። ጠዋት መኖ ስበትን ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

ጎረቤታችን በመጣ ቁጥር «ያን ፍግ ለበቆሎው ብትሰጠው» ይለኛል። መልስ አጣሁለት።

ነገሩ የአየሩ ብርድ ነው? ነፍሳቱስ ዓሣዬን የሚበሉ ናቸው? ኩሱን እጥፍ ላድርገው?

ገበሬው_ልጅ (ኅዳር 8)

ወንድሜ እጥፍ አድርገው፣ ዩሪያም ጨምርበት። እኛ መተማ መንገድ ላይ ባለችው ኩሬያችን እንደዚያ አድርገን በአምስት ቀን አረንጓዴ ሆነ። ለነፍሳቱ ትንሽ የተባይ መድኃኒት ጠብ አድርግባቸው፣ ይጠፋሉ።

ጡረተኛው (ኅዳር 9)

ኧረ በፈጠረህ መድኃኒት እንዳታስገባ! ገበሬው_ልጅ፣ አትቀየመኝ፣ በቅንነት እንደተናገርክ አውቃለሁ። ግን የመተማን ምክር ለዳንግላ መስጠት የቆላ ማሽላ ደጋ ላይ ዝራ እንደማለት ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሐይቅና የኩሬ ውኃ በጠርሙስ እየቀዳሁ በማይክሮስኮፕ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓይኔን የጨረሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም ይቅር በሉኝ።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳንግላ 2,100 ገደማ። 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል፣ በአንተ በኩል 5 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። አልጌ (ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ተክል መሰል ነገር) ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህ ሒሳብ የአርባ ምንጩ ስምንት ቀን ዳንግላ ላይ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ቀን ቢሆን አይደንቀኝም። አምስት ወር ግን ብርድ ብቻውን አያመጣም! ሌላ ነገር አለ።

ሰው ሁሉ የአየር ንብረት ሲባል ሙቀትና ብርድ ብቻ ይመስለዋል። ኩሬ ላይ ግን ዝናቡ ከብርዱ የበለጠ ሥራ ይሠራል። የአዊ ምድር ዝናብ አይነፈገውም። ያ ሁሉ ዝናብ በሺህ ዓመታት ውስጥ ከቀዩ አፈር ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል፣ የቀረው ኮምጣጣ አፈር ነው። ገበሬው ኖራ የሚጨምረው ለዚህ አይደል? የአንተም ኩሬ እዚያው አፈር ላይ ነው የተቆፈረው። የኮመጠጠ ሸክላ ከኩሱ የሚወጣውን ፎስፈረስ ጨብጦ ይይዘዋል፣ ለአልጌው አይለቅለትም። አንተ ያበላኸው አልጌውን ሳይሆን ጭቃውን ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ ያንሳል፣ ፀሐዩ ውኃውን ያተናል፣ ጨውና ቢካርቦኔቱ እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ የአርባ ምንጩ ውኃ ለአልጌ የተሰናዳ ማዕድ ነበር፣ ኩሱ እንደ ወጥ ላይ ጨው ነው የተጨመረበት።

ሁለተኛ የክረምቱ ጉሽ። ያ ፕላንክተን (ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ሕይወት) አይደለም፣ አፈር ነው። ከታረሰ ማሳ ጎርፍ ይገባብሃል አይደል? በብርጭቆ ቀድተህ አንድ ሌሊት ብታሳድረው ታች ዝቃጭ ታገኛለህ። ብርሃን ካልገባ አልጌ አይኖርም። ጣና ራሱ ክረምት ላይ እንዲሁ ነው፣ ወንዞቹ ደለሉን ሲያመጡበት ውኃው ቡናማ ይሆንና ብርሃኑ ያጥራል። ከኩሬህ በላይ ፈሰስ አውጣና ጎርፉን ወደ ጎን አሳልፈው። ይህን ሰኔ ሳይገባ መሥራት አለብህ።

ሦስተኛ ነፍሳትህ። ደስ ያሰኙኝ እነሱ ናቸው! ዳፍኒያ ናቸው፣ አንዳንድ ሰው የውኃ ቁንጫ ይላቸዋል። ዓሣ አይነኩም፣ እንዲያውም የዓሣ ምግብ ናቸው። ዳፍኒያ ቀኑን ሙሉ ውኃ እያጣራ አልጌ ይበላል። ቀን ከዓሣ ዓይን ሸሽቶ ታች ይወርዳል፣ ማታ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንተም በባትሪ ያየኸው ለዚያ ነው። አርባ ምንጭ ያላየኸው ስለሌለ አይደለም፤ በሞቀ ውኃ ትልልቆቹ አይመቻቸውም፣ ትንንሾቹ እንደ ሞይና ያሉት ናቸው የሚበዙት። ደግሞ እዚያ ዓሣው ሞቆት ቀኑን ሙሉ ስለሚበላ ትልቅ የሆነውን ሁሉ ይለቅመዋል። አንተ ጋ ቆሮሶው በርዶት አፉን ዘግቷል። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው የሚመቸው፣ ከ20 በታች ይዳከማል፣ 16 አካባቢ ሲደርስ መብላቱን ያቆማል። የሚለቅመው ሲጠፋ ዳፍኒያው ሰፋ፣ የበቀለችውንም ጥቂት አልጌ ጠረጋት። ውኃህ የጠራው አንዱ በዚህ ነው።

አሁንም ግን አልተዋጠልኝም። ሁለት ነገር መልስልኝ። አንደኛ የውኃው ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ጠዋትና ከሰዓት ስንት ነው? ሁለተኛ ውኃው ከየት ነው የሚገባው? ይወጣልስ?

የዳንግላው (ኅዳር 11)

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነፍሳቱን ልፈጃቸው ነበር እኮ!

ፒኤች በወረቀቱ ለካሁ፣ ጠዋት 6፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይም 6። ምንም አልተንቀሳቀሰም። አርባ ምንጭ ሳለሁ ከሰዓት ላይ ፒኤቹ ራሱ 9 ሲደርስ አስታውሳለሁ። የውኃውን ሙቀትም ለካሁ፣ ማለዳ 15 ዲግሪ፣ ከሰዓት 20።

ውኃው ከምንጭ ነው፣ በቦይ አምጥቼዋለሁ። ቀንና ሌሊት ይገባል፣ በሌላው በኩል በቱቦ ይወጣል። አርባ ምንጭ በነዳጅ ፓምፕ ነበር የምንሞላው፣ ከተሞላ በኋላ የተነነውን ብቻ ነው የምንተካው። እዚህ ውኃ በነጻ ሲፈስ ምን ገዶኝ፣ ለዓሣው ንጹሕ ይሁንለት ብዬ ነው። ስህተት ነው?

ጡረተኛው (ኅዳር 11)

ቆይ ቆይ። መግቢያው ላይ 20 ሊትር ጀሪካን ደግነህ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክህ ሰዓት ለካልኝ።

የዳንግላው (ኅዳር 12)

ሦስቴ ለካሁ። 16፣ 16፣ 17 ሰከንድ።

ጡረተኛው (ኅዳር 12)

አገኘነው።

20 ሊትር በ16 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 1.25 ሊትር ነው። በቀን 108,000 ሊትር፣ ማለትም 108 ሜትር ኩብ። ኩሬህ የሚይዘው 200 ሜትር ኩብ ነው። ሁለት ቀን ሳይሞላ የኩሬውን ሙሉ ውኃ የሚያህል ገብቶ ይወጣል! በ15 እና በ20 ዲግሪ መካከል ያለ አልጌ ደግሞ ተራብቶ ይህን ጎርፍ በቀላሉ አይቀድምም፤ ገና ሳይበዛ በቱቦህ ወጥቶ ይሄዳል። ኩስህም አብሮት ይሄዳል፣ ማዳበሪያ ያደረግከው ከአንተ በታች ያለውን ሰው መስኖ ነው። (ሰውየው ሽንኩርት ካለው ዘንድሮ ሳያምርለት አይቀርም፣ ሄደህ ምረቃህን ተቀበል።) ዳፍኒያዎቹ የቆዩት ዋና ስለሚያውቁና ዳር ዳሩን፣ ታች ታቹን ስለሚይዙ ነው።

አየህ፣ ይህም ራሱ የአየር ንብረት ነው። ቆላ ላይ ውኃ ብርቅ ስለሆነ ተዘግቶ ይቀመጣል፣ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ስለተረፈ ይለቀቃል። ልዩነቱን የሠራው ግማሹ ሰማዩ፣ ግማሹ ያንተ እጅ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትህ። ቢሾፍቱ አጠገብ ኪሎሌ የሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። ድሮ ውኃው ሶዳ የበዛበት፣ ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ጥቅጥቅ ብሎ የሞላው ሐይቅ ነበር። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆን ወንዝ ጠልፈው አስገቡበት። ሰማዩ ያው፣ ከፍታው ያው፣ ዝናቡ ያው፤ ሶዳው ግን ቀጠነና ስፒሩሊናው ጠፋ፣ በቦታው ሌሎች ዝርያዎች ገቡ። እዚያው ቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ የሚሉት ወንዝ አልገባበትም፣ እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ አለ። አንተም የራስህን ሞጆ ጠልፈህ አስገብተሃል።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። መግቢያውን ዝጋ፣ የተነነውንና የሰረገውን ብቻ ተካ። የምንጭ ውኃ ከኩሬው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሲዘጋ ኩሬውም ትንሽ ይሞቅልሃል። ከዚያ የእርሻ ኖራ፣ ያ ለማሳ የሚበተነው የተፈጨ ድንጋይ፣ 40 ኪሎ በውኃው ላይ እኩል በትን። የግድግዳ ቀለም የሚሠሩበትን የተቃጠለ ኖራ እንዳታስገባ፣ እሱ ዓሣህን ይፈጃል። ኖራው መጀመሪያ ላይ ፎስፈረስ ስለሚይዝ ሁለት ሳምንት ኩስ አትጨምር። ከተቻለህ ውኃውን በጠርሙስ ወስደህ አልካሊኒቲ (ውኃው ኮምጣጣነትን የሚቋቋምበትን አቅም) አስለካ። በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ማዳበሪያ ብታፈስም ዋጋ የለውም፣ ኖራው ይደገማል።

ኩሱ ያው 10 ኪሎ ይበቃል። ሲያምርህ እጥፍ እንዳታደርግ። ቆቃ ላይ እንደምናየው ምግብ የበዛበት ውኃ ሲሞቅና ጸጥ ሲል ማይክሮሲስቲስ የሚባል መርዘኛ ዝርያ ይነግሣል። ዳንግላ ብርዱ ይጠብቅሃል ብለህ አትመካ።

እመቤት_ቢሾፍቱ (ኅዳር 13)

እኔ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ያቃጠለኝ ነገር ስለሆነ።

ጓሮዬ ውስጥ 80 ካሬ ሜትር ኩሬ አለኝ። ካቻምና ልክ እንደምትመኘው አረንጓዴ አድርጌው ነበር፣ እንዲያውም አበዛሁት። ጣቴ ሳይሰምጥ ይጠፋል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ ብወጣ ዓሣዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። እስክሯሯጥ 200 ያህል ሞቱብኝ። አልጌው ቀን አየር ይሠራል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይተነፍሳል፣ ሲበዛ ለዓሣው አይተርፍም። ከፍታ ላይ ደግሞ ድሮውንም ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆችም ከኅዳር እስከ ጥር ዓሣ የሚሞትባቸው ዓመታት አሉ። ሌሊቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲበርድ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፣ ንፋስ ሲጨመርበት ታች የተኛው አየር የሌለው ውኃ ወደ ላይ ይገለበጣል። ያንተ ኩሬ አንድ ሜትር ስለሆነ እንደ ሐይቅ አይገለበጥብህም። ግን ማለዳውን ተነሥተህ እየው። ቦይህን ስትዘጋም ድንጋይና ጭቃ አድርገህ አትድፈነው፣ ቶሎ የሚከፈት ይሁን። ዓሣው ማለክለክ ከጀመረ ያንን የምንጭ ውኃ ከከፍታ እያንጠባጠብክ ትለቅለታለህ። እኔ እንደሱ ያለ ምንጭ ቢኖረኝ ኖሮ!

ከቤት_ሸአን (ኅዳር 14)

ሰላም ወገኖች፣ እኔ እስራኤል ቤት ሸአን ሸለቆ ዓሣ ኩሬ ላይ ነው የምሠራው። እዚህ በጋው እሳት ነው፣ ኩሬው ሁሉ አረንጓዴ። ክረምት ሲገባ ግን ቆሮሶው እንዳይሞት ብርድ ወደማይበረታበት የማሳለፊያ ኩሬ እንወስደዋለን፣ ትተነው ውኃው 10 ዲግሪ ቢወርድ ያልቃል። ዳንግላ እንዲያ አይወርድም። ግን ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ለምን አትሞክርም? እኛ ጋ ብርዱን የሚችለው እሱ ነው።

ጡረተኛው (ኅዳር 14)

ካርፑ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለደጋ ይሻላል። አንድ እንከን አለው፣ ምግቡን ጭቃ ውስጥ እየቆፈረ ስለሚፈልግ የሸክላ ኩሬን ያደፈርሳል፣ ያን ጉሽ ጠላ መልሶ ያመጣዋል። ብዙ ካልሆነ ግን ችግር የለውም። ወደ ወንዝም እንዳያመልጥ መውጫው ላይ ወንፊት ይደረግ። እመቤት ስለ ማለዳው ያለችውን ደግሞ አስምርበት፣ እኔ መናገር ሲገባኝ ዘለልኩት።

የዳንግላው (ታኅሣሥ 21)

ዘገየሁ፣ ኔትዎርክ አልነበረም።

መግቢያውን ኅዳር 13 ዘጋሁ። በእንጨት ሳንቃ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሣል። ኖራውን ከገበሬዎች ማኅበር 50 ኪሎ ገዝቼ 40ውን በተንኩ፣ የቀረውን አባቴ ለገብሱ ወሰደብኝ። ለአልካሊኒቲው ባሕር ዳር የምትማር የአክስቴ ልጅ ሁለት ጠርሙስ ወስዳልኝ ነበር፣ አንዱን ከኖራው በፊት፣ አንዱን በኋላ። በፊት 13፣ በኋላ 31።

ኅዳር 28 ኩስ ጀመርኩ። ስድስት ቀን ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ጎረቤቴም መጥቶ «በቆሎው» ሲለኝ ዝም አልኩት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ኩሬው ዳር ቆሜ ሳይ ቅጠሎቹ የሉም! ማለቴ አሉ፣ ግን አይታዩም። ዛሬ እጄን ሳስገባ ጣቴ ክርኔ ጋ ሳይደርስ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጠፋል። ፒኤች ጠዋት 7፣ ከሰዓት 8 ተኩል። የውኃው ሙቀት ማለዳ 16፣ ከሰዓት 22 ሆኗል፣ ብርዱ ብሶ እያለ! አራት ማለዳ በተከታታይ 11 ሰዓት ተነሥቼ አየሁ፣ የሚያለከልክ ዓሣ የለም።

ዳፍኒያው ግን አልጠፋም ጋሼ፣ ጭራሽ በዝቷል። ማታ በባትሪ ሳይ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል። አልጌውን መልሰው ይጨርሱብኝ ይሆን?

ጡረተኛው (ታኅሣሥ 22)

ተዋቸው። ምናልባት ጥር ላይ ለአንድና ሁለት ሳምንት ውኃው መልሶ ይሳሳል፣ አትደንግጥ፣ ኩስም አትጨምርበት። አልጌው ሲያንስ እነሱም ይራባሉ፣ ይቀንሳሉ፣ እንቁላላቸውንም ጭቃው ውስጥ ቀብረው ይጠብቃሉ። የካቲት ሲሞቅ ጫጩቶችህ ምግብ ይፈልጋሉ፣ ያኔ ሰሊጥ የሚያህሉትን በሙሉ ለቅመው ይጨርሷቸዋል። ውኃው ከሰዓት 24 ሲደርስ ጻፍልኝ።

ገብሱም ኖራውን ከወደደው አባትህ የቀረውን 10 ኪሎ አይመልሱልህም።